የነገን ሰጥቶ የዛሬን ተራ መግዛት

ዲሴምበር 7 ቀን 2014 ሴንት ሉዊስ ራምስ የሚባለው የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን የእኛን ዋሽንግተንን ለመግጠም ላንዶቨር፣ ሜሪላንድ መጣ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ሳንቲም ይወረወራል። ለዚያ የየቡድኑ አምበሎች ወደ መሃል ሜዳ ይወጣሉ። የዚያን ቀን የራምስ አሰልጣኝ ጄፍ ፊሸር ስድስት ልጆች ላከ። ማይክል ብሮከርስ፣ ጃኖሪስ ጄንኪንስ፣ አሌክ ኦግልትሪ፣ ስቴድማን ቤይሊ፣ ዛክ ስቴሲ እና ግሬግ ሮቢንሰን። ንግግር አላስፈለገም። ስድስቱም ዋሽንግተን በ2012 ለአንድ ልጅ ብሎ አሳልፎ በሰጠው የምርጫ ተራ የተገኙ ናቸው። ያ አንድ ልጅ ሮበርት ግሪፊን ይባላል። በዚያ ቀን ቦታውን ተነጥቆ ተቀያሪ ሆኗል። ራምስ 24 ለ 0 አሸንፎ ሄደ።

ፊሸር ቅኔ ዘረፈብን ማለት ይቻላል። ተናድጄ ነበር። ትንሽም አደነቅኩት።

በየዓመቱ ኤፕሪል ሲመጣ አንድ ክርክር ይነሳል። ቡድናችን ከፍሎ ወደ ላይ ይውጣ ወይስ በደረሰው ተራ ይምረጥ? ይሄ ጥያቄ ሲነሳ ቀድመው ዓይኔ ላይ የሚመጡት እነዚያ ስድስት ልጆች ናቸው።

የአሜሪካን ፉትቦል ለማይከታተል ሰው ትንሽ ላስረዳ፤ የሚያውቅ ይዝለለው። እኛ በለመድነው እግር ኳስ ገንዘብ ያለው ይገዛል። አርሴናል አንድ ልጅ ከፈለገ ከክለቡ ጋር ተደራድሮ ይወስደዋል። ኤንኤፍኤል በሚባለው የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ ውስጥ ግን ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ልጆች በየዓመቱ ድራፍት በሚባል ምርጫ ለ32ቱ ቡድኖች ይታደላሉ። ሰባት ዙር አለው። በየዙሩ ባለፈው ዓመት ከሁሉም የባሰው ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል፣ ሻምፒዮኑ መጨረሻ። ልጁ የት መሄድ እንደሚፈልግ የሚጠይቀው የለም። ሐሳቡ የወደቀውን ማንሳት ነው። ነገር ግን ተራው ራሱ ንብረት ነው። ይሸጣል፣ ይለወጣል። የዘንድሮው ብቻ ሳይሆን የከርሞውም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ለአበሻ በእቁብ ማስረዳት ይቀላል። እቁብ ላይ ሁሉም እኩል ይጥላል፣ ዕጣ የወጣለት ይወስዳል። አንዳንዴ ግን የቸገረው ወይም የቸኮለ ሰው አይጠፋም። ዕጣ የወጣለትን ሰው ጠጋ ብሎ «ተራህን ልቀቅልኝ፣ ይህን ያህል ልተውልህ» ይለዋል። ከተስማሙ ይለዋወጣሉ። ትሬድ አፕ የሚባለው ይኸው ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፣ እሱም ትልቅ ነው። እቁብ ላይ የሚደርስህ ብር ነው። መጠኑን ታውቀዋለህ። ድራፍት ላይ ከፍለህ የምታነሳው ግን የ21 ወይም የ22 ዓመት ልጅ ነው። ጉልበቱ ይቆይ አይቆይ፣ ሰማንያ ሺህ ሰው ሲጮህበት ጭንቅላቱ ይሥራ አይሥራ፣ በዚያ ቀን የሚያውቅ ሰው የለም።

በ2012 ማርች ላይ ዋሽንግተን የቸኮለ እቁብተኛ ነበር። ለዓመታት የሚረባ ኳርተርባክ አጥቷል። ኳርተርባክ ማለት ኳሱን ተቀብሎ ጨዋታውን የሚመራው ሰው ነው። እሱ ከሌለ ምንም የለም። ያን ዓመት ሁለት ልጆች ጎልተው ወጥተው ነበር። አንድሩ ለክን ኢንዲያናፖሊስ በ1ኛ እንደሚወስደው ሁሉም ያውቃል። 2ኛው ተራ የራምስ ነው። ራምስ በ2010 ሳም ብራድፎርድን መርጦ ስለነበር ሌላ ኳርተርባክ አልፈለገም። ተራውን ለገበያ አወጣው።

ዋሽንግተን 6ኛ ላይ ነበር። አራት ደረጃ ከፍ ለማለት የከፈለውን እዩት። 6ኛውን ተራ (የዚያን ዓመት አንደኛ ዙር ማለት ነው)፣ የዚያን ዓመት ሁለተኛ ዙር፣ የ2013ን አንደኛ ዙር፣ የ2014ን አንደኛ ዙር። ያለ አንደኛ ዙር ሁለት ዓመት እንከርማለን ማለት ነው። ይሄ ሳያንስ ልውውጡ በተሰማ በቀናት ውስጥ ሊጉ ቡድኑን በደሞዝ ጣሪያ (ቡድን ለተጫዋቾቹ ሊከፍል በሚችለው ወሰን) ጉዳይ ቀጣው። 36 ሚሊዮን ዶላር፣ ለሁለት ዓመት ተከፋፍሎ። ስለዚህ በምርጫ ያጣነውን በገንዘብ እንገዛለን የሚለው መንገድም ጠበበ።

እኔ ያኔ ዳውንታውን ፓርኪንግ እሠራ ነበር። በዚህ ከተማ ፓርኪንግና ታክሲ ውስጥ የሐበሻ ብዛት የታወቀ ነው። የአሜሪካን ፉትቦልም የተማርኩት እዚያው፣ ከደንበኛ አፍ ነው። ያ ሰሞን ሰው ቁልፉን ሲያቀብለኝ ሰላምታውን ትቶ «አር ጂ ስሪ!» ይለኝ ነበር። የግሪፊን ቅጽል ስም ነው። ኮት የለበሰ ጠበቃም፣ ዕቃ የሚያመላልስ ልጅም። በአገሬ ደርቢ ካልሆነ እንደዚያ ያለ የጋራ ደስታ አላየሁም።

አንድ ጋሼ የምላቸው ሰው አሉ። ከሰማንያዎቹ ጀምሮ እዚሁ ታክሲ የነዱ ናቸው። ቡድኑ አርኤፍኬ ስታዲየም ይጫወት በነበረበት ዘመን ሦስት ሱፐር ቦውል፣ የሊጉን ዋንጫ፣ ሲበላ አይተዋል። እንግሊዝኛቸውን ግማሹን ከታክሲው ሬዲዮ፣ ከኳስ ወሬ እንደለቀሙት ይናገራሉ። ስለ ግሪፊን በደስታ ስነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡኝ።

«ልጁ ጥሩ ነው» አሉኝ። «አይቼዋለሁ። ግን አንተ ልጅ፣ ከፊቱ የሚቆምለት ማነው?»

«ቀስ እያለ ይመጣል ጋሼ።»

«በምን ተራ?»

መልስ አልነበረኝም።

ደግሞ ያ ወቅት አማረ። ሊካድ አይችልም። ቡድኑ ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ጨዋታዎች ስድስቱን ተሸንፎ ነበር። ከዚያ ሰባቱን በተከታታይ አሸነፈ። 10 ለ 6 ጨረሰ፤ አሥር ድል፣ ስድስት ሽንፈት። የምድቡ አሸናፊም ሆነ። ግሪፊን የዓመቱ ምርጥ አጥቂ ጀማሪ ተባለ። የመጨረሻው ጨዋታ ከዳላስ ጋር ነበር፣ ዲሴምበር 30። ያሸነፈ ምድቡን ይወስዳል። ያን ሌሊት 200 ያርድ ሮጦ፣ ሦስት ጊዜ ገብቶ ዳላስን የጣለው ግን ግሪፊን አይደለም። አልፍሬድ ሞሪስ ነው። ሞሪስ በዚያው ድራፍት በስድስተኛ ዙር የተመረጠ ልጅ ነው። ስሙን ከመመረጡ በፊት ሰምቻለሁ የሚል ሰው ካለ ይዋሻል። በዓመቱ 1,613 ያርድ ሮጠ። ሦስት አንደኛ ዙር የተከፈለበት ልጅ ስም በየማሊያው ጀርባ ላይ ነበር፣ በነጻ የመጣው ልጅ ደግሞ ቡድኑን ይሸከም ነበር። (በነጻ ስል ስድስተኛ ዙር ማለቴ ነው።)

የሚቀጥለው ጨዋታ ጃንዋሪ 6 ቀን 2013፣ እሑድ፣ የገና ዋዜማ። ከሲያትል ጋር፣ እዚሁ ላንዶቨር። በአሜሪካ አቆጣጠር አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ተጀመረ። ማታ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስላለ ጋሼ ቤት ተሰበሰብን፤ ከዚያ አብረን እንሄዳለን። ባለቤታቸው ለነገው ዶሮ ሽንኩርት እያቁላሉ ነው። ጾም ላይ ሆነን ሽታው እየገደለን ቴሌቪዥኑ ፊት ተኮልኩለናል። ዋሽንግተን ወዲያው 14 ለ 0 መራ። ጮህን።

ግሪፊን ግን ጤነኛ አልነበረም። በዲሴምበር ከባልቲሞር ጋር ሲጫወት ጉልበቱን ተመትቶ ነበር። ብረት አስሮ ነው የተመለሰው። ሜዳውም ሣሩ አልቆ፣ አፈሩ ወጥቶ ያስጠላል። ገና በአንደኛው ሩብ አንድ ኳስ ሲወረውር እግሩ ከዳው። ከዚያ በኋላ ሲሄድ ያነክሳል። አሰልጣኙ ማይክ ሻናሃን አላስወጣውም። ልጁም እጫወታለሁ አለ። እትዬ ከኩሽና ማንኪያ እንደያዙ መጥተው አዩትና «ይሄ ልጅ እናት የለውም እንዴ? አስወጡት እንጂ!» አሉ። እሳቸው ኳስ አያዩም። የሚያነክስ ልጅ ግን ያያሉ።

አራተኛው ሩብ ላይ ኳሱ ዝቅ ብሎ መጣበትና መሬት ወደቀ። ሊያነሳው ዞር አለ። ቀኝ ጉልበቱ ወደማይታጠፍበት አቅጣጫ ታጠፈ። ማንም አልነካውም። እዚያው ተቀመጠ። 24 ለ 14 ተሸነፍን። ጋሼ ተነስተው ነጠላቸውን ፈለጉ።

ያን ቀን ስለ አሰልጣኙ ብዙ ተባለ። እኔ ግን ከተከፈለው ዋጋ ነጥዬ ላየው አልችልም። ሦስት አንደኛ ዙር የሰጠህበትን ልጅ እያነከሰ ማስወጣት ይከብዳል። የአራተኛ ዙር ልጅ ቢሆን ኖሮ ገና በአንደኛው ሩብ ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር ብዬ አምናለሁ። የሚገርመው ደግሞ የአራተኛ ዙሩም ልጅ እዚያው ነበር። ዋሽንግተን በዚያው 2012 ድራፍት፣ ግሪፊንን ከወሰደ በኋላ፣ በ102ኛ ተራ ከርክ ከዝንስን መርጧል። ሰው ሳቀ፤ ኳርተርባክ ገዝተህ ደግሞ ኳርተርባክ? በ2015 ቋሚው ከዝንስ ሆነ። ግሪፊን በ2016 ማርች ተሰናበተ።

ጉልበቱ ከተቀደደ በኋላ የመጣው 2013 ደግሞ 3 ለ 13 ነበር። ሻናሃንም ተባረረ። እንግዲህ ድራፍት የወደቀውን ያነሳል ብያለሁ። 3 ለ 13 የወጣ ቡድን በ2ኛ ተራ ይመርጣል። ያ 2ኛ ተራ የማን ነበር? የራምስ። ቀድሞ ተሸጧል። ግሬግ ሮቢንሰን በዚያ ተራ ነው የተመረጠው። ስለ ትሬድ አፕ ሲወራ ይሄኛው ክፍል ይዘነጋል። የነገን ተራ ስትሰጥ ምን ያህል እየሰጠህ እንደሆነ አታውቅም። ደህና ከሆንክ 25ኛ ተራ ነው፣ ብዙም አይጎዳህም። ከወደቅክ 2ኛ ነው። ዋጋው የሚወደደው በጣም በሚያስፈልግህ ሰዓት ነው።

ካሮላይና በ2023 ያንኑ ደገመው። 1ኛ ተራን ከቺካጎ ለመግዛት 9ኛውን፣ የዚያን ዓመት ሁለተኛ ዙር፣ የ2024ን አንደኛ ዙር፣ የ2025ን ሁለተኛ ዙር ሰጠ። ዲጄ ሙር የሚባል ጥሩ ተጫዋችም ጨመረበት። ብራይስ ያንግን መረጠ። የወቅቱ ውጤት 2 ለ 15። አሰልጣኙ ወቅቱ ሳያልቅ ተባረረ። የሰጠው የ2024 ተራም 1ኛ ሆኖ ቺካጎ እጅ ገባ።

ስለዚህ ነገር ቁጭ ብለው ያጠኑ ሰዎች አሉ። ቡድኖቹ ለረጅም ጊዜ ሲገበያዩ የኖሩት በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ዳላስ፣ በጂሚ ጆንሰን ዘመን፣ ባሠራው የነጥብ ሰንጠረዥ ነው። 1ኛ ተራ 3,000 ነጥብ፣ 2ኛ 2,600፣ 6ኛ 1,600 እያለ ይወርዳል። ኬድ ማሲ እና ሪቻርድ ቴለር የሚባሉ ምሁራን (ቴለር በ2017 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘው ነው) ያን ገበያ መርምረው የላይኞቹ ተራዎች ከሚገባቸው በላይ ይሸጣሉ አሉ። አንዱ ግኝታቸው ከአእምሮዬ አይወጣም። በአንድ የጨዋታ ቦታ ላይ ቀድሞ የተመረጠ ልጅ፣ በዚያው ቦታ ቀጥሎ ከተመረጠው የሚበልጥበት ዕድል 52 ከመቶ ገደማ ነው። ሳንቲም ከመወርወር በጥቂቱ ይሻላል።

ይሄን ከሌላ አገር የመጣ ወሬ አታድርጉት። ቴለር ራሱ እንደተረከው፣ የዋሽንግተኑ ባለቤት ዳን ስናይደር ሰዎቹን ልኮ ምክር ጠይቋቸዋል። ወደ ታች ውረዱ፣ የዘንድሮን ሰጥታችሁ የከርሞን ሰብስቡ አሏቸው። የድራፍቱ ቀን ሲደርስ ቡድኑ ተቃራኒውን አደረገ። ምክንያቱ ሲጠየቅ ባለቤቱ አሁኑኑ ማሸነፍ ይፈልጋሉ ተባለ። ባለቤት ሲቸኩል የሒሳብ ሊቅ ምን ያደርጋል?

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው ‘በቃ፣ ተራ መግዛት ኪሳራ ነው’ ሊል ይችላል። እኔ ግን እዚያ መቆም አልችልም። እዩት፣ ያን ሁሉ ተራ የሰበሰበው ራምስ ምን አገኘ? ከዋሽንግተን በተገኘው ተራ፣ እየሸነሸነም እየለወጠም፣ ስምንት ተጫዋች አፈራ። ጥቂቶቹ ጎበዞች ነበሩ። ቡድኑ ግን በጄፍ ፊሸር ዘመን አንድም ዓመት ከሽንፈቱ የበዛ ድል አላስመዘገበም። ሮቢንሰንም እንደታሰበው አልሆነም። ለምን? ኳርተርባክ አልነበረውማ። ብራድፎርድ ጉልበቱን ደጋግሞ ተጎዳ። በ2016 ያ ራሱ ራምስ፣ ያን ቅኔ የዘረፈብን ቡድን፣ ከ15ኛ ወደ 1ኛ ለመውጣት ብዙ ተራ ከፍሎ ጃሬድ ጎፍን ወሰደ። ከሰጣቸው ተራዎች በአንዱ ቴኔሲ ዴሪክ ሄንሪን የሚያህል ሯጭ መረጠ። ይህን ያህል ነው ዋጋው። ሆኖም ከአንድ ዓመት በኋላ ሾን ማክቬይ የሚባል ወጣት አሰልጣኝ አመጣ። ማክቬይ ከእኛው ከዋሽንግተን የሄደ ነው። ጎፍ ቡድኑን በ2018 ወቅት ሱፐር ቦውል አደረሰው።

ስለዚህ ተራ ማጠራቀም ብቻውን ዋንጫ አያመጣም። የኳርተርባክ ገበያ ደግሞ ሌላ ነው። ከ2011 ወዲህ የጀማሪዎች ደሞዝ ተወስኗል። ጥሩ ኳርተርባክ ከድራፍት ካገኘህ ለአራት ዓመት በርካሽ ትጫወታለህ፣ በተረፈው ገንዘብ ሌላውን ትሞላለህ። ከፍለህ ለመውጣት ጥሩ ምክንያት ካለ ይሄ ነው። ለሌላ የጨዋታ ቦታ ብዙ ተራ መስጠት ግን በእኔ አስተያየት ቅንጦት ነው።

ከሁሉም የሚያስተምረኝ የ2017ቱ ድራፍት ነው። በአንድ ምሽት ሁለት ቡድኖች ኳርተርባክ ፍለጋ ወደ ላይ ወጡ። ቺካጎ 3ኛ ላይ ሆኖ አንዲት ደረጃ ለመውጣት ሁለት ሦስተኛ ዙርና አንድ አራተኛ ዙር ጨመረ። ሚቸል ትሩቢስኪን መረጠ። ካንሳስ ሲቲ ከ27ኛ ወደ 10ኛ ለመውጣት የዚያን ዓመት ሦስተኛ ዙርና የ2018ን አንደኛ ዙር ለቡፋሎ ሰጠ። የመረጠው በኋላ የሊጉ ትልቅ ኮከብ የሆነውን ፓትሪክ ማሆምስን ነው። ትሩቢስኪ ግን እንደታሰበው አልሆነም።

ካንሳስ ዓይናቸው የተሻለ ነበር ማለት ይቻላል፤ እውነትም ነው። ግን ሌላም ነገር አለ። ካንሳስ ያን ዓመት ኳርተርባክ አልቸገረውም። አሌክስ ስሚዝ ነበረው። ከዚያ በፊት በነበረው ወቅት 12 ለ 4 አሸንፏል። ማሆምስ ዓመቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ አየ፣ ከመጨረሻዋ ጨዋታ በቀር አልተሰለፈም። ቢሳሳቱ እንኳ ማንም አይሞትም ነበር። የሰጡት የ2018 ተራም፣ ቡድኑ ደህና ስለነበር፣ ከዙሩ ታች ነበር። ግራ የሚያጋባው ይሄ ነው። ተራ መግዛት የሚያዋጣው ለማያስፈልገው ነው። የቸገረው ሲገዛ ሻጩም ያውቅበታል፣ የሚገዛው ልጅም ገና በመጀመሪያው ሳምንት ወደ እሳት ይገባል። (አሌክስ ስሚዝ በኋላ ወደ እኛ መጣ። በ2018 ኖቬምበር እግሩ ተሰበረ። ይሄ ቡድንና እግር ነገር አላቸው።)

ሳንፍራንሲስኮም አለ። በ2021 ሦስት አንደኛ ዙርና አንድ ሦስተኛ ዙር ሰጥቶ በ3ኛ ተራ ትሬይ ላንስን ወሰደ። ልጁ አልሆነም። በ2023 ለዳላስ በአራተኛ ዙር ተሸጠ። በሌላ ቡድን ቢሆን ይሄ አሥር ዓመት የሚያለቅሱበት ነገር ነው። እነሱ ግን በ2022 ድራፍት የመጨረሻዋን፣ 262ኛዋን ተራ ተጠቅመው ብሮክ ፐርዲን አነሱ። በእሱ ሱፐር ቦውል ደረሱ። መከላከያው ሙሉ፣ ሯጩ ሙሉ፣ ተቀባዩ ሙሉ ስለነበር ስህተቱን ዋጡት። ዋሽንግተን የ2012ቱን ለመዋጥ ምን ነበረው?

የሚያበሳጨኝ ዋሽንግተን ይህን ትምህርት ከማንም በፊት የሚያውቅ ቡድን መሆኑ ነው። በ1999 የኒው ኦርሊንስ አሰልጣኝ ማይክ ዲትካ ሪኪ ዊልያምስ ለሚባል አንድ ሯጭ ብሎ የዓመቱን ተራ በሙሉ ሸጠ። የ2000ንም አንደኛና ሦስተኛ ዙር ጨመረ። ለማን? ለዋሽንግተን። ዲትካ 3 ለ 13 ወጣና ተባረረ። ዋሽንግተን በተራዎቹ እየተገበያየ ቻምፕ ቤይሊን ወሰደ፤ ከኒው ኦርሊንስ በመጣው የ2000 2ኛ ተራ ደግሞ ላቫር አሪንግተንን። ቁጥሩ ራሱ አይገርምም? 3 ለ 13፣ 2ኛ ተራ። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ በዚያው ቁጥር እኛ ዲትካን ሆንን።

ጋሼ ደግሞ ከዚያም በፊት ያለውን ያነሳሉ። በሰማንያዎቹ ተጫዋች ይመርጥ የነበረው ቦቢ ቤታርድ የአንደኛ ዙር ተራውን ብዙ ጊዜ ይሸጥ ነበር። በምትኩ የታችኞቹን ይሰበስባል። ሲመርጥ ደግሞ በ1983 ከዙሩ መጨረሻ፣ በ28ኛ፣ ዳረል ግሪንን አገኘ። በ1988 ጃንዋሪ ሱፐር ቦውል ያሸነፈው ዶግ ዊልያምስ፣ ያን ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ፣ ከታምፓ የመጣው በአንድ አምስተኛ ዙር ተራ ነው። በ1992 ያሸነፈው ማርክ ሪፒን የስድስተኛ ዙር ልጅ ነው። ጋሼ ዶግ ዊልያምስ ያሸነፈ ሌሊት ታክሲያቸውን አቁመው ከማያውቁት ሰው ጋር መንገድ ላይ እንደተቃቀፉ ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጣል።

ወደ 2024 ልምጣ። ስናይደር ከአንድ ዓመት በፊት ቡድኑን ሸጧል። ቡድኑ 4 ለ 13 ወጥቶ 2ኛ ተራ በራሱ ደረሰው። ማንንም ምንም አልከፈለም። ድራፍቱ ኤፕሪል 25 ነበር። የእኛ ፋሲካ ያን ዓመት ሜይ 5 ስለነበር ሁዳዴ አላለቀም። በያይነቱ ይዘን ጋሼ ቤት ተቀመጥን። ቺካጎ ከካሮላይና በተረፈው ተራ የከተማችንን ልጅ ካሌብ ዊልያምስን ወሰደ። ዋሽንግተን ጄደን ዳንኤልስን። ኦክቶበር 27 ሁለቱ ልጆች ላንዶቨር ላይ ተገናኙ። ሰዓቱ ሲያልቅ ዳንኤልስ በረጅሙ ወረወረ፣ ሰው ላይ ነጥሮ ኖዋ ብራውን እጅ ገባ። 52 ያርድ። 18 ለ 15። ወቅቱ በ12 ለ 5 አለቀ፣ ቡድኑ ከሱፐር ቦውል አንድ ጨዋታ ሲቀረው በፊላደልፊያ 55 ለ 23 ተሸነፈ። ዳንኤልስም እንደ ግሪፊን የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ሆነ።

በ2025 ማርች ቡድኑ የ2026ን ሁለተኛ ዙር ጨምሮ ጥቂት ተራዎች ለሂዩስተን ሰጥቶ ላረሚ ተንሲልን አመጣ። የኳርተርባኩን ጀርባ የሚጠብቅ ግዙፍ ሰው ነው። ጋሼ ደወሉልኝ።

«በመጨረሻ ገባቸው» አሉ። «የሚቆምለት ሰው።»

ኖቬምበር 2 ቀን 2025፣ እዚያው ላንዶቨር፣ እዚያው ሲያትል። 38 ለ 7 እየተሸነፍን፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ፣ አራተኛው ሩብ ላይ ዳንኤልስ ሜዳ ላይ ነበር። የግራ ክርኑ ወለቀ። አሰልጣኙ ዳን ክዊን ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። አዎ፣ በነጻ ያገኘኸውንም ልጅ አለማስወጣት ይቻላል። ስለዚህ የ2013ቱን ጉልበት ሙሉ በሙሉ በዋጋው ላይ መጫን አልችልም። እሱን ጋሼም ያን ማታ በስልክ አስረግጠው ነገሩኝ።

አንድ ልዩነት ግን አለ። ቡድኑ ያን ወቅት ወደቀ። የ2026 አንደኛ ዙር ተራው ግን በእጁ ነበር። ወድቀን ያገኘነውን ካሳ ሌላ ከተማ አልወሰደውም።

ከ2026ቱ ድራፍት በፊት ከጋሼ ጋር የተከራከርነው በዚህች ተራ ነው። እሳቸው ኳርተርባኩን ለሚጠብቀው መስመር ሌላ አንድ ትልቅ ሰው ከተገኘ የከርሞውን አንደኛ ዙር ጨምረን ወደ ላይ እንውጣ ይላሉ። ዶግ ዊልያምስን በአምስተኛ ዙር ያየ ሰው እንዴት እንዲህ ይላል እላቸዋለሁ። «እድሜዬ ስንት ነው? አንተ ጠብቅ፣ እኔ የምጠብቅበት ጊዜ የለኝም» ይላሉ። ይህቺን ክርክር ስናይደር አቅርቧት ቢሆን እስቅበት ነበር። ለእሳቸው እስከ ሁለተኛ ዙር ድረስ እስማማለሁ። ከዚያ በላይ ግን አልሄድም።